የችግኙ ዕድል በሥሩ ነው፦ ጥድንና ዝግባን በከረጢትና በዕቃ ስለ ማሳደግ

በአንድ የደጋ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተከሏቸው የጥድ ችግኞች ሦስት ክረምት በመልካም ሁኔታ ካሳለፉ በኋላ፣ በተከተለው በጋ ተራ በተራ ይገረጡ ጀመር። ካህናቱ ድርቅ ነው አሉ፤ ወጣቶቹ ምስጥ ነው አሉ፤ ከምእመናንም አንዳንዶቹ መሬቱ ከእንግዲህ የአገር ዛፍ አይቀበልም፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበት ወደሚል አሳብ አዘነበሉ። እኛም ተጠርተን ሄደን ከደረቁት አንዱን ቆፍረን አወጣነው። ሥሩ ወደ ጎንም ወደ ታችም አልሄደም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በነበረበት ከረጢት ልክ ክብ ሠርቶ፣ ራሱን በራሱ ጠምጥሞ፣ እንደ ተቋጠረ ገመድ ሆኖ ተገኘ። ጥቁሩ ፕላስቲክም ከግማሽ በላይ አብሮት ነበር።

እነዚያን ችግኞች ያፈላናቸው እኛ ነበርን። በትንሽ ከረጢት ውስጥ ሁለት ክረምት አቆይተን፣ ቅጠላቸው አረንጓዴ ስለ ነበረ ብቻ ጤነኞች ናቸው ብለን ያደልናቸውም እኛው ነን። ድርቁም፣ ምስጡም፣ መሬቱም በከንቱ ተከሰሱ። ዛፎቹ የሞቱት በተተከሉበት ስፍራ ሳይሆን፣ ገና በችግኝ ጣቢያችን ሳሉ ነበር፤ ሞታቸው የታየው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ይህን የምናነሣው ከጥፋታችን የተማርነውን ለአጥቢያዎችና ለገዳማት የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች ለማካፈል ነው። እንደሚታወቀው በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከቀሩት የተፈጥሮ ደኖች አብዛኞቹ የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ ነው። በብዙዎቹም ያረጁት ዛፎች ሲወድቁ የሚተኩ ወጣት ዛፎች ጥቂቶች ናቸው። ስለሆነም በቅጽሩ ውስጥ የሚተከል እያንዳንዱ የጥድና የዝግባ ችግኝ ነገ የሚወድቀውን ሽማግሌ ዛፍ ይተካ ዘንድ የተላከ ነው። እርሱ በከንቱ ቢደርቅ የሚጠፋው አንድ ችግኝ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ በአገሩ ዛፍ ላይ ያለው ተስፋም አብሮ ይደርቃል።

የትምህርታችን ፍሬ ነገር አጭር ነው። ከረጢትም ሆነ በርሜል ለዛፍ የመንገድ ማደሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። በማደሪያው ሳለ የምንመለከተውም ከላይ የሚታየውን ቅጠል ሳይሆን ከታች የተሰወረውን ሥር ሊሆን ይገባል።

ሁለቱን ዛፎች ማወቅ

በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅሉት ከጥድ ወገን የሆኑ፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆነው የሚኖሩ ዛፎች ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ጥድና ዝግባ ናቸው። ጥድ ቀዝቃዛና ደረቅ የሆነውን ደጋ ይችላል፤ እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረው አባቶች ለአብያተ ክርስቲያናት ምሰሶና ማዋቀሪያ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ዝግባ ከጥድ ይልቅ እርጥበት ያለውን ስፍራ ይመርጣል፤ በልጅነቱም ጥላን ይወዳል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሊባኖስ ዛፍ ስሙ ዝግባ ተብሎ ቢተረጎምም፣ የሊባኖሱና የእኛው ዝግባ በዘር የተለያዩ ናቸው።

የአገር ጥድን መትከል ለአባቶቻችን እንግዳ ሥራ አልነበረም። የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ለማ ይነገራል።

ከእነዚህ ጋር ሳይለይ የሚደባለቅ ሌላ ዛፍ አለ። ይኸውም የፈረንጅ ጥድ የሚባለው ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በቶሎ ስለሚበቅልና ዘሩ በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙ ችግኝ ጣቢያዎች ጥድ ሲባሉ የሚያቀርቡት እርሱን ነው። በችግኝነታቸው ሁለቱን መለየት ስለሚያዳግት፣ መለየት የሚገባው በእናት ዛፉ ፍሬ ነው። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ እንጨት መሰል ደረቅ ድቡልቡል ሲሆን ሲበስል ይሰነጠቃል። የአገራችን ጥድ ፍሬ ግን ትንሽና ሥጋማ ነው፤ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁርነት ይለወጣል፤ ላዩም ነጣ ያለ ብናኝ የለበሰ ይመስላል።

ዘር መልቀም

ጥድም ዝግባም ወንዱና ሴቱ በተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው። ፍሬ የሚያፈራው ሴቴው ብቻ ነው፤ በአቅራቢያው ወንዴ ዛፍ ከሌለ ግን ፍሬው ባዶ ዘር ሊይዝ ይችላል። በመሆኑም ዘር የሚለቀመው ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሳይሆን ሁለቱም ካሉበት ደን ነው። ከአንድ ዛፍ ብቻ መልቀምም አይገባም፤ ተራርቀው ከቆሙ፣ ግንዳቸው ቀጥ ካለና ጤነኛ ከሆኑ ብዙ ዛፎች መልቀም የሚመጣው ደን የአንዲት እናት ልጆች ብቻ እንዳይሆን ያደርጋል። ለወፎችም ድርሻቸውን መተው ተገቢ ነው፤ የጥድን ዘር ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲያደርሱ የኖሩት እነርሱ ናቸውና።

የበሰለው የጥድ ፍሬ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲለሰልስ ከአሸዋ ጋር እየታሸ ሥጋው ይወገዳል። ከዚያም ዘሩ ንጹሕ ውሃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ይጨመራል። የሚንሳፈፈው አብዛኛው ባዶ ስለሆነ ይጣላል፤ የሚሰጥመው ተለቅሞ በጥላ ሥር ይደርቃል። ከጥድ ዘር ብዙው ባዶ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ከሚያስፈልገው በላይ መልቀም ይገባል።

የዝግባ ፍሬ ክብ ሆኖ ሲበስል ቢጫ ይሆናል፤ በውስጡም ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዘር ይገኛል። የዝግባ ዘር እንደ ጥድ ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ አይቆይም። ስለዚህ በተለቀመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥጋው ተልጦ መዘራት አለበት። ቅርፊቱ እንዳለ ቢዘራ ለመብቀል ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል። በትንሽ መዶሻ ወይም በድንጋይ ቀስ ብሎ ቅርፊቱን ብቻ መሰንጠቅ ጊዜውን እጅግ ያሳጥረዋል፤ ውስጠኛው ፍሬ ከተጎዳ ግን ዘሩ ይበሰብሳል። ለዚህ ሥራ ትዕግሥት ያላቸው እጆች ይመደቡ።

ከረጢቱና አፈሩ

የመጀመሪያው ስሕተታችን የተፈጸመው ከረጢት በገዛንበት ዕለት ነው። የችግኝ ፕላስቲክ ስፋቱ የሚለካው ባዶውን ተዘርግቶ ሳለ ነው። ባዶውን 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከረጢት አፈር ሲሞላ የአፉ ስፋት ከ6 ሳንቲ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የሚይዘው አፈር ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ይህ መጠን በጥቂት ወራት ለሚደርስ የባሕር ዛፍ ችግኝ ይበቃ ይሆናል፤ ከዘር እስከ ተከላ ከ12 እስከ 18 ወር ለሚቆይ ጥድ ግን ጠባብ እስር ቤት ነው።

ለጥድና ለዝግባ የሚሻለው ባዶውን ሲለካ 16 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 25 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ነው። ሲሞላ የአፉ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ 2 ሊትር ገደማ አፈር ይይዛል፤ ይህም ከትንሹ ከረጢት አራት እጥፍ ነው። አንድ ሜትር ወርድና አምስት ሜትር ርዝመት ባለው መደብ ላይ እንዲህ ያሉ 500 ከረጢቶች ይቆማሉ። ለእነርሱም አንድ ሜትር ኩብ ያህል የተዘጋጀ አፈር ያስፈልጋል። ወጪውና ድካሙ እንደሚበዛ አይካድም። ነገር ግን በትንሽ ከረጢት 1,000 ችግኝ አፍልቶ አብዛኛውን ከማጣት፣ በሰፊው 500 አፍልቶ አብዛኛውን ማጽደቅ ይሻላል። የመደቡ ወርድ ከአንድ ሜትር እንዳይበልጥ የሚደረገውም ሠራተኛው ከሁለቱም ወገን ቆሞ፣ ችግኝ ሳይረግጥ፣ እጁን እስከ መካከሉ ማድረስ እንዲችል ነው።

አፈሩን በተመለከተ የተለመደው ቅይጥ 3 እጅ የአካባቢው ለም አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ብስባሽ ወይም የደን አፈርና 1 እጅ አሸዋ ነው። መሬቱ ጥቁር መረሬ በሆነበት ስፍራ አሸዋው ይጨመራል። ያልበሰለ ፍግ ሥርን ስለሚያቃጥል ፈጽሞ አይግባ። ከቅይጡም ጋር ከሸመገለ ጥድ ወይም ዝግባ ሥር የተወሰደ ጥቂት እፍኝ አፈር ቢደባለቅ መልካም ነው። በዚያ አፈር ውስጥ ከዛፉ ሥር ጋር ተባብረው የሚኖሩ፣ ውሃና ምግብ እንዲስብ የሚረዱት ጥቃቅን የሻጋታ ወገኖች አሉና።

መዝራትና ማዛወር

የጥድ ዘር በአሸዋማ የዘር መደብ ወይም በዝቅተኛ የእንጨት ሣጥን ላይ ይዘራል። በላዩ የሚለብሰው አፈር ከዘሩ ውፍረት ብዙም አይበልጥ። በቀጭን የሣር ጉዝጓዝ ይሸፈንና ዳስ ይጣልበታል። የጥድ ዘር ዘገምተኛ ስለሆነ ሳይበቅል ሳምንታት ቢያልፉ ሠራተኛው ተስፋ ቆርጦ መደቡን እንዳይገለብጥ አስቀድሞ ይነገረው። ዝግባ ግን ዘሩ ትልቅ ስለሆነ በቀጥታ በከረጢቱ ውስጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ሊዘራ ይችላል።

በየካቲት ወይም በመጋቢት የተዘራ ጥድ ለሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ይደርሳል። እንግዲህ የተከላውን ወር አስቀድሞ ቆርጦ ወደ ኋላ መቁጠር እንጂ፣ ዘር በተገኘ ጊዜ ሁሉ ዘርቶ የሚተከልበትን ቀን በኋላ መፈለግ ለዚያው ለምንፈራው መዘግየት ይዳርጋል።

ቡቃያው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ወደ ከረጢት ይዛወራል። ሥራው ደመና ባለበት ቀን ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይፈጸም። ቡቃያው የሚያዘው በቅጠሉ እንጂ በግንዱ አይደለም። በከረጢቱ መካከል በሹል እንጨት ሥሩን ያለ መታጠፍ የሚቀበል ጥልቅ ቀዳዳ ይበጃል። የጠማማ ሥር መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው አጭር ሆኖ ሥሩ ተጠምዝዞ ከገባ፣ ከዚያ በኋላ የሚደረግ እንክብካቤ ሁሉ አያቃናውም። ሥሩ ከቀዳዳው ከረዘመ ጫፉን በንጹሕ መቀስ መቁረጥ ከማጠፍ እጅግ ይሻላል።

ውሃ፦ አረንጓዴነት እንዳያታልለን

እንደ ብሳና ያለ ሰፊ ቅጠል ያለው ዛፍ ሲጠማ ቅጠሉን በማጠውለግ ይናገራል፤ ውሃ ሲያገኝም ቀና ይላል። ጥድ ግን እንዲህ አይደለም። ለገና በዓል ተቆርጦ በየቤቱ የሚቆመው የጥድ ቅርንጫፍ ሥር ሳይኖረው ለብዙ ቀናት አረንጓዴ ሆኖ እንደሚቆይ ሁላችንም አይተናል። በከረጢት ውስጥ ያለ ችግኝም እንደዚሁ ሥሩ ከሞተ በኋላ ለሳምንታት ሕያው መስሎ ይታያል። ቡናማነት በቅጠሉ ላይ በታየ ጊዜ ነገሩ አልፏል፤ ጥድ ከደረቀና ቅጠል ከሌለው ቅርንጫፉ ተመልሶ አያቆጠቁጥምና።

ስለዚህ ውሃ የሚሰጠው ቅጠል በማየት ሳይሆን አፈር በመዳሰስ ነው። ጣት በአፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ይግባ፤ እርጥበት ከተሰማ ይቆይ፤ ደረቅ ከሆነ ይጠጣ። በልምድም ከረጢቱን ብድግ አድርጎ በክብደቱ ማወቅ ይቻላል። ሲጠጣም ውሃው ከታች እስኪወጣ ድረስ ይሁን። በየቀኑ ላዩን ብቻ ማርጠብ ሥሩን ወደ ላይ ይስበዋል። ውሃ ማብዛትም የማድረቅን ያህል ይገድላል፤ በተለይ ቡቃያው ሕፃን ሳለ ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ በስብሶ የሚወድቀው ከመጠን በላይ በሆነ እርጥበትና በመጨናነቅ ነው።

በበጋ ወራት ብዙ ጠባቂዎች ችግኙ አርፏል ብለው ውሃ ይቀንሳሉ። ዘወትር አረንጓዴ የሆነ ዛፍ ግን ቅጠሉን ስለማያረግፍ በበጋም ውሃ ያተናል። ነፋስ በበዛበት ደጋ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጥቁር ፕላስቲክም የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ስለሚግል በዚያ ወገን ያለው ሥር ይጠበሳል። ስለሆነም ከመደቡ ዳር የቆሙት ከረጢቶች በደቡብና በምዕራብ በኩል አፈር ወይም ድንጋይ ይደገፍላቸው።

የሥር ጥበቃ

ሥር የከረጢቱን ወለል በነካ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ቀዳዳውን አልፎ መሬት ይገባል፣ ወይ በግድግዳው ዙሪያ መጠምጠም ይጀምራል። መሬት የገባው ችግኝ ለዓይን ያማረ ይሆናል፤ በተከላው ዕለት ግን ሲነሣ ዋናው ሥሩ እመሬት ውስጥ ተቆርጦ ይቀራል።

መድኃኒቱ በጊዜው መቁረጥ ነው። ሥሩ ከታች ብቅ ማለት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ከረጢቶቹ አንድ በአንድ ይነሡና የወጣው ሥር በስለታም መቀስ ይቆረጣል። ከመቁረጥ በፊትም በኋላም ይጠጣሉ፤ ሁለት ሦስት ቀንም በጥላ ይቆያሉ። በዚያው አጋጣሚ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ተለይተው ይደረደራሉ፤ አለዚያ ረጃጅሞቹ አጫጭሮቹን ያፍኗቸዋል። ጉልበት ባጠረበት ስፍራ ከረጢቶቹን ከመሬት ከፍ ባለ የቀርከሃ ርብራብ ላይ ማቆም ይቻላል። ከታች የወጣው ሥር አየር ሲነካው ራሱ ደርቆ ይቀራል፤ ከውስጥም አዳዲስ ሥሮች ይበቅላሉ። በዚህ ዘዴ የቆሙት ግን ቶሎ ስለሚደርቁ ውሃቸው ይበዛል።

ሥሩን ሳያዩ ማወቅ ስለማይቻል፣ በየሦስት ወሩ ከየመደቡ ሁለት ችግኝ ተሠውቶ ከረጢታቸው ተቀድዶ ይታይ። ሁለቱን ማጣት የሚያሳዝን ቢመስልም የ500ውን ሁኔታ ይነግራሉ። እኛ ይህን አለማድረጋችን ነው በሌላው ቅጽር የደረቁትን ዛፎች ያስከተለው።

ጊዜው ያለፈበት ችግኝ

በክረምቱ ሳይተከል የቀረ ችግኝ ሲኖር ለሚቀጥለው ዓመት በዚያው ከረጢት ማቆየት አይገባም። ሥሩ ገና መጠምጠም የጀመረ ከሆነ፣ በዝናቡ ወራት ወደ ሰፊ ዕቃ ይዛወር። ሲዛወርም የተጠመጠመው የዳር ሥር በስለት በሦስት ወይም በአራት ወገን ከላይ ወደ ታች ይሰንጠቅ፤ የታችኛው ክብ ሥርም ይወገድ። ጠምጣማው እንደ ጣት ወፍሮ ወደ እንጨትነት የተለወጠ ከሆነ ግን ችግኙን ማስወገድ ይሻላል። ለአጥቢያ የሚሰጥ ስጦታ ከሦስት ዓመት በኋላ ኀዘን የሚሆን ከሆነ ባይሰጥ ይመረጣል።

በከተማ አጥቢያዎች፦ በበርሜል ስለ ማሳደግ

ቅጽራቸው በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ የተነጠፈ የከተማ አብያተ ክርስቲያናት የመትከያ መሬት ስለሌላቸው ጥድን በዕቃ ማሳደግ ይሻሉ። ይህም ይቻላል፤ ነገር ግን ሕግ አለው።

ዕቃው በደረጃ ያድግ። 2 ሊትር ከሚይዝ ከረጢት ወጥቶ በአንድ ጊዜ ትልቅ በርሜል ውስጥ የገባ ችግኝ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃ አቁሮ ይበሰብስበታል። ከከረጢት ወደ ባልዲ፣ ከባልዲ ወደ ግማሽ በርሜል ማሳደግ ይሻላል። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ለሁለት ሲቆረጥ ሁለት ባለ 100 ሊትር ዕቃዎች ይወጡታል። ኬሚካል የተያዘበት በርሜል አይወሰድ። ከታቹ ብዙ ቀዳዳ ይበሳለትና ውሃው እንዲወርድ በሦስት ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ስፍራው የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ከሚግል ግድግዳ የራቀ ይሁን። የአፈሩ ላይ በጉዝጓዝ ይሸፈን፤ በየክረምቱ መግቢያም ብስባሽ ይጨመርለት።

በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ በክረምት መግቢያ ዛፉ ከዕቃው ወጥቶ የዳር ሥሩ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል በስለት ይላጣል፤ አዲስ አፈርም ይሞላለታል። ጫፉን መቀንጠብ ይቻላል፤ ቅጠል ወደሌለበት እንጨት ድረስ መቁረጥ ግን ያ ቅርንጫፍ እንዲደርቅ መፍረድ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ከሌለ በርሜሉ ውሎ አድሮ የዛፉ መቃብር ይሆናል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው በርሜሉን ከመግዛቱ በፊት ጠባቂውን በስም ይመድብ። እንዲህም ሆኖ፣ በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያለው ዛፍ ዘመኑን ሁሉ በ100 ሊትር አፈር ሊኖር አይችልም። መሬት ላለው የገጠር አጥቢያ ወይም ገዳም በመጨረሻ እንዲሰጥ ከአሁኑ ቢታሰብ የከተማው ቅጽር ለገጠሩ ደን ማሳደጊያ ይሆናል።

የተከላው ዕለት

ከተከላው ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ ዳሱ ቀስ በቀስ ይነሣ፤ ውሃውም ጥቂት በጥቂት ይቀነስ። በጥላና በምቾት ያደገ ችግኝ ድንገት ወደ ሜዳ ሲወጣ ይደነግጣልና። ለተከላ የሚመረጠው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ግንዱ ወፈር ያለና ቀጥ ብሎ የቆመ ነው እንጂ በጣም የረዘመው አይደለም።

ጉድጓዱ አስቀድሞ ይቆፈር፤ ችግኙም በዋዜማው ይጠጣ። በጉድጓዱ አጠገብ የከረጢቱ ታች አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከነ ጠምጣማው ሥር በምላጭ ይቆረጥ፤ ጎኑ ይቀደድ፤ ፕላስቲኩም ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን፤ አፈር ግንዱን አይቅበረው።

ብዙ ሕዝብ በሚሳተፍበት ተከላ ከነፕላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ አይጠፋም። ይህን ለመከላከል ያገኘነው ቀላል መንገድ መቁጠር ነው። 500 ችግኝ ከወጣ 500 ባዶ ከረጢት ይመለስ። 480 ቢመለስ 20 ችግኞች ከነእስራታቸው ተቀብረዋል ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ተፈልገው ይውጡ።

ከተከላ በኋላ ያለው ጠላት ከብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ የዶክትሬት ጥናታቸውን ያቀረቡት የደን ባለሙያው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከብት እንዳይገባ መከለል ለችግኞች መጽናት ያለውን ጥቅም አሳይተዋል። የድንጋይ ካብም ሆነ የእሾህ አጥር ከችግኙ ጋር ባንድነት ይታቀድ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ኩትኳቶና ጉዝጓዝ፣ ቢቻልም ውሃ አይጓደልበት።

ማጠቃለያ

በመግቢያችን ወዳነሣነው አጥቢያ በቀጣዩ ክረምት ተመልሰን ሄድን። ለካህናቱም ለወጣቶቹም ጥፋቱ የመሬታቸው ሳይሆን የእኛ መሆኑን በግልጽ ነገርናቸው። የደብሩ አስተዳዳሪ የቀሩትን ችግኞች እንድናያቸው ፈቀዱልን፤ ከቆሙት መካከል ሥራቸው የተፈታ ጥቂቶች ነበሩ፤ እነርሱ ቀሩ። ለጠፉት ምትክ በሰፊ ከረጢት ያደጉ ችግኞች አመጣን፤ ከማስረከባችን በፊትም ሁለቱን በወጣቶቹ ፊት ቀድደን ሥራቸውን አሳየን። ወጣቶቹ ከተከላው በኋላ ባዶ ከረጢቶቹን ቆጥረው አስረከቡን፤ አንድም አልጎደለም።

ያ የተቋጠረ ሥር ዛሬ በችግኝ ጣቢያችን በር ላይ ተሰቅሏል። አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው። የየአጥቢያው የችግኝ ጣቢያ ኃላፊዎችም ከመጪው ክረምት በፊት ከየመደባቸው ሁለት ሁለት ከረጢት ቀድደው ሥሩን እንዲመለከቱ እናሳስባለን። ሥሩ ቀጥ ብሎ ከተገኘ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ተጠምጥሞ ከተገኘም ዛሬ ቢታወቅ ይሻላል፤ የከረጢቱ ስሕተት ገና ሊታረም የሚችለው በችግኝ ጣቢያው ሳለ ነውና።